ከቅዳሜው የአጥር ሥራ በፊት

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን የቁልቋል አጥር ልንከረክም ነው። ሊቀመንበራችን «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ስለ ጥንቃቄው ትንሽ በይን» አሉኝ። እሺ አልኩ። የመጣሁት ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ጎንደር፣ እዚሁ ሰፈር ነው ያደገው። አምና የግቢያችንን ቁልቋል ቆረጠ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ያለ ጓንት። ወተቱ ክንዱ ላይ ወረደ። በሱሪው ጠረግ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ ይለበልበው ጀመር። ሲነጋ ወተቱ የወረደበት መስመር ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። እኔ አዳር ተረኛ ነበርኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «መስመሩን አታዩትም? አልማዝ ባለጭራ ነው» ተባለ። ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ፣ ተለጠፈ፣ በጨርቅ ታሰረ። መጥቼ ጨርቁን ስፈታው ቆዳው አብሮ ተላጠ። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ቆዳ ያቃጥላል እኮ! ጠባሳው ዛሬም አለ።

ወገኖቼ፣ አልማዝ ባለጭራ ከውስጥ የሚነሣ የቫይረስ በሽታ ነው። የቁልቋሉ ቁስል ግን ወተቱ በነካው ቦታ ላይ ነው የሚወጣው። «ትናንት ምን ነካህ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። ሽንኩርት ለመውቀጥ ግን ሁሉም ተሽቀዳደመ! ወደነውና አዝነንለት ነው ያቃጠልነው። እባካችሁ፣ ይህ ነገር ይብቃን! መጀመሪያ እንጠይቅ!

ወተቱ ከነካችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ እዚያው በብዙ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም ፊት ላይ ከወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ማየትን እስከማሳጣት ይደርሳል። የጡት ወተት ጠብ አታድርጉበት፣ አትሹት። በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡትና በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ሳማ ሌላ ነው፤ እንደነካ ይለበልባል፣ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይተዋል።

ቅዳሜ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ጓንት ያላችሁ አምጡ። ከላይ ያለውን አንጋጣችሁ አትቁረጡ። ልጆች ቤት ይቅሩ። ሁለት ጄሪካን ውሃና ሳሙና እኔ ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ። ሳይታጠብ የሚወጣ የለም።

እግዜር ይስጥልኝ።