የኳሱ ባዶ እና ያልተሞላው ባዶ

እንደምን አደራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከየወረዳው ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ዛሬ የማወራችሁ ሪፖርት ላይ ድምር ስንሰራ ያልተሞላ ቦታ ሲያጋጥመን ምን እናርገው የሚለውን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እኔ ግን ሰው መድሃኒት ሲያጣበት ስላየሁት ትንሽ ነው ማለት አልችልም።

ከቋንቋችን ልጀምር። ኳስ የሚያይ ሰው "ሁለት ለባዶ" ይላል አይደል? እዛ ጋ ባዶ ማለት ቁጥር ነው፣ ቡድኑ ሜዳ ገብቶ 90 ደቂቃ ተጫውቶ ጎል አላገባም ማለት ነው። ጨዋታው በዝናብ ከተቋረጠና ለሌላ ቀን ከተላለፈስ? የውጤቱ ቦታ ያኔም ባዶ ነው፣ ግን ማንም ተነስቶ ባዶ ለባዶ ብሎ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ አይሰጥም። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ደግሞ ጭራሽ የዜሮ ምልክት የላቸውም፣ ከ፩ ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ አፋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠራቸው አይገርመኝም። ዳታቤዝ ግን ይለያቸዋል። ዜሮ ቁጥር ነው፣ ነል ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ እስካሁን ማንም ምንም አላለም ነው። ዳታን በቴብል በቴብል የሚያስቀምጠውን የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሀሳብ ያመጣው ኤድጋር ኮድ በፈረንጆቹ 1985 ባወጣቸው ህጎች ሶስተኛው ላይ ይሄንኑ ነው ያስቀመጠው፣ ነል ከዜሮም ከባዶ ጽሁፍም የተለየ ሆኖ መያዝ አለበት ይላል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። መድሃኒት ክምችት ላይ ስሰራ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን የፍጆታ ሪፖርት አንድ ቴብል ውስጥ አስገብተን አማካይ ወርሃዊ ፍጆታ እናወጣ ነበር፣ ለቀጣዩ ዙር ስንት ይላክ የሚባለው በሱ ነው። የአንዱ ጤና ጣቢያ የስድስት ወር የአሞክሳሲሊን ቁጥር እንዲህ ነበር፣ 300፣ 320፣ ያልተሞላ፣ 280፣ ያልተሞላ፣ 300። ክፍት ቦታው ሪፖርቱ ላይ ሲታይ አያምርም፣ አለቆቼም "ይሄ ለምን አልተሞላም" እያሉ በየስብሰባው ይጠይቁኛል፣ እኔም ኮአሌስ የሚባለውን ፈንክሽን፣ ነል ባለበት ቦታ የሰጣችሁትን ቁጥር የሚተካ ትእዛዝ ነው፣ እሱን ተጠቅሜ ነሉን ሁሉ ዜሮ አደረኩትና ተገላገልኩት። ድምሩ ያው 1,200 ነው፣ ንክች አላለም፣ ማንም ያልነቃው ለዛ ነው። አማካዩ ግን ከ300 ወደ 200 ወረደ፣ ምክንያቱም አማካይ የሚያወጣው አቬሬጅ የሚባለው ፈንክሽን ነልን ስለሚዘል መጀመሪያ ለ4 ነበር የሚያካፍለው፣ እኔ ዜሮ ስሞላበት ለ6 አካፈለ። የአራት ወር ሲታዘዝ 1,200 መላክ ሲገባው 800 ተላከ።

ሶስተኛው ወር ሳያልቅ ከዛ ጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ እኛ እኮ መድሃኒቱን መስጠት አላቆምንም፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው ወረቀቱ ያልደረሰላችሁ" አለችኝ። ሌላኛውስ ወር አልኳት። "ያኔማ አልቆብን ነበር፣ የሌለንን ነገር ምን ብለን እንሙላው?" አለች። እዚህ ጋ ነው የደነገጥኩት፣ እዛው አንድ መስመር ላይ ያሉት ሁለት ባዶዎች ትርጉማቸው ለየብቻ ነው። አንዱ ወር ላይ ቁጥሩ አለ ግን እኛ ጋ አልደረሰም። ሌላው ወር ላይ የተሰጠው መድሃኒት በእውነት ዜሮ ነው፣ ህመምተኛው ግን ዜሮ አልነበረም፣ መጥቶ አጥቶ ነው የተመለሰው። ያንን ዜሮ አማካዩ ውስጥ ካስገባነው ደግሞ ያጣ ጤና ጣቢያ በማጣቱ ለሚቀጥለውም ዙር ትንሽ እንዲላክለት እየፈረድንበት ነው። ይሄን ልዩነት የትኛውም ፈንክሽን አይነግራችሁም፣ ቅጹን የሚሞላውን ሰው ደውሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው።

ዜሮ መሙላት ሁሌ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም ግን። ደመወዝ ሲደመር አበል ሲደመር ትርፍ ሰዓት የሚል ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምናቀርበው ጥያቄ፣ ውሰዱ፣ ትርፍ ሰዓት ያልሰራ ሰው ቦታው ነል ከሆነ 12,000 ሲደመር ነል መልሱ 12,000 አይደለም፣ ነል ነው። ከዛ መስመሮቹን የሚደምረው ሰም የሚባለው ፈንክሽን ያንን መስመር ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ የሰውየው ሙሉ ደመወዝ ከመስሪያ ቤቱ ድምር ውስጥ ይጠፋል፣ ኤረር የለ ምን የለ። እዚህ ጋ ዜሮ መሙላት ትክክል ነው፣ ትርፍ ሰዓት አልሰራም ማለት ዜሮ ሰዓት ማለት ስለሆነ፣ ግን ኮአሌሱ እያንዳንዱ ኮለም ላይ ይግባ፣ ድምሩ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት የጠፋውን ሰው አይመልሰውም።

ኮአሌስ ከሰም ውጭ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ሰም ምንም መስመር ካላገኘ ወይም ያገኘው ሁሉ ነል ከሆነ የሚመልሰው ነል እንጂ ዜሮ አይደለም፣ የሚቆጥረው ፈንክሽን ካውንት ግን ዜሮ ይላል። በወሩ አንድም ሽያጭ ያልነበረው ሱቅ ሪፖርት ላይ ዜሮ እንዲል ከፈለጋችሁ ኮአሌሱን ከሰም ውጭ አርጉት፣ አልሸጠም ወይስ ዳታው አልገባም የሚለውን ካጣራችሁ በኋላ ነው እሱም።

የጳጉሜንም ነገር አትርሱ። አስራ ሶስት ወር የተደረደረበት ቴብል ላይ በወር 12,000 የሚከፈለው ሰው ጳጉሜ ላይ ነል ነው፣ አማካዩ 12,000 ይመጣል። ዜሮ ከሞላችሁበት 11,076.92 ይሆናል፣ ማንም በልቶት የማያውቅ ደመወዝ።

እኔ አሁን እያንዳንዱ ድምር አጠገብ አንድ ኮለም እጨምራለሁ፣ ካውንት ኮከብ አንድ ጊዜ፣ ካውንት ደግሞ በኮለሙ ስም፣ የመጀመሪያው መስመሩን ሁሉ ይቆጥራል ሁለተኛው የተሞላውን ብቻ፣ ከዛ "ከ8 ጤና ጣቢያ 5ቱ ሪፖርት አድርገዋል" ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን አለቆቼ አልወደዱትም ነበር፣ ድምሩ ጎደሎ መሰለብን አሉ። ጎደሎ ስለሆነ ነው አልኳቸው። አሁን ሪፖርቱ ሲከፈት ድምሩን ከማየታቸው በፊት ሶስቱ እነማን ናቸው ብለው ይጠይቃሉ፣ እዛው ስብሰባው ላይ ስልክ ይነሳና ይደወላል።