የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድና የባሕር ዳር እግረኛ

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎቼ፤

ከጎጃም ጤፍ ጭኖ የተነሣ አሽከርካሪ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ጎሐ ጽዮንንና ፍቼን አልፎ ሱሉልታ ሲደርስ የሚያሳስበው የአዲስ አበባ መጨናነቅ ነው። በ1990ዎቹ የተሠራው፣ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀለበት መንገድ በአብዛኛው ለእንዲህ ያለው ሰው የታሰበ ነበር። ከዊንጌት ተነሥቶ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም በቦሌ ወደ መገናኛ ስለሚዞር፣ ከጅቡቲ መስመር የመጣውም ሆነ ወደ ጅማ የሚያቀናው ከባድ መኪና መሃል ከተማውን ሳይረግጥ ያልፋል። ይህን ጥቅሙን የሚክድ የለም።

እኔ ማንሣት የምፈልገው ግን መንገዱን ስለሚሻገረው ሰው ነው። ከተማው በጀሞ፣ በሰሚትና በአያት በኩል ቀለበቱን አልፎ ስለሰፋ፣ ያኔ ዳር የነበረው መስመር ዛሬ የሰፈር ሰው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የሚያቋርጠው ሆኗል። መሃሉ በኮንክሪት ግንብ ተከፍሏል፤ መሻገሪያው በብዙ ቦታ ባለ ደረጃ ድልድይ ነው። በበዓል ዋዜማ ከአንዱ ድልድይ ሥር ብትቆሙ፣ በግ የገዛ ሰው ገመዱን ሲጎትት፣ በጉም ደረጃው ላይ አልወጣም ብሎ እግሩን ሲተክል ታያላችሁ። ሰውዬው ግራ ቀኙን ቃኝቶ በጉን ትከሻው ላይ ያደርግና ግንቡን ይዘላል። አደገኛ ነገር ነው፤ ሆኖም «ሕዝባችን ሥርዓት አያውቅም» የሚለው ወቀሳ አይዋጥልኝም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ያንን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይውጡት?

እኛ ዘንድ ጥሩ መነሻ አለ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሰጥቶታል። ብስክሌት ለለመደ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ለከተማችን የዳር መንገድ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ተሽከርካሪ ሲቆጠር እግረኛውም በገበያ ቀን ይቆጠር፤ ሰዉ በእግሩ ያወጣቸው መሻገሪያዎችም አስፋልት ከመፍሰሱ በፊት ንድፉ ላይ ይስፈሩ። በተቻለ መጠን መኪናው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይለፍ፣ ሰው በደልዳላው ይሂድ። ወጪው እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ የቆመ ግንብ አፍርሶ መሻገሪያ ማውጣትም ቢሆን ገንዘብ ይፈልጋል። ቆጠራውን ለማገዝ ተማሪዎቼ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከየትኛው ገበያ እንደምንጀምር ከማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች ጋር ዛሬውኑ ከዚህ መድረክ በኋላ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።