ቢጫ ብቻ እንዳይሆን

እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና ማይኬ ብቻ ነን። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ስለዚህ ድምፄ ዝግ ካለባችሁ ይቅርታ።

ባለፈው የብሎካችንን ደረጃ ለማስቀባት ብር አዋጣን። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ግራጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ማን መረጠው? እኔንጃ። "ቆሻሻ አያሳይም እኮ" አሉኝ ጎረቤቴ እማማ። እሱስ እውነታቸውን ነው።

ያን ማታ ትዝ ያለኝ ኤዲ ራማ ነው፣ በኋላ የአልባኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። ሰውዬው ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሩ ዋና ከተማ የቲራና ከንቲባ ሲሆን ከተማዋ ከኮሚኒስቶቹ ዘመን በተረፉ ግራጫ ሕንፃዎች ተሞልታ ነበር። የመጀመሪያውን ሕንፃ ቦግ ያለ ብርቱካናማ አስቀባው። ራሱ ሲያወራ እንደሰማሁት መንገዱ ተዘጋጋ፣ ሰዉም መኪና የተጋጨ ይመስል ግር ብሎ ወጣ። ገንዘቡን የሚቆጣጠረው የአውሮፓ ኅብረት ሹም፣ ፈረንሳዊ ነው፣ እየሮጠ መጥቶ ቀለሙ የአውሮፓን ደረጃ አያሟላም ብሎ ሊያስቆመው ሞከረ። አልሆን ሲለው እንግዲያው መሀል ላይ እንገናኝ አለ። ራማ ምን ቢለው ጥሩ ነው? በቀለም መሀል ላይ መገናኘት ማለት ግራጫ ነው፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን የሚበቃን አለን!

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ነዋሪው ተጠየቀ። 63 በመቶው ወደድነው አለ፣ 37 በመቶው አልወደድነውም። ይቀጥል ወይስ ይቁም ሲባል ግን፣ ካልወደዱት ውስጥ ግማሾቹ ይቀጥል አሉ። ቀለሙን ጠልቶ ሥራው ይቀጥል የሚል ሰው፣ አስቡት እስኪ። እንደኔ ከሆነ ስለ ገዛ ሰፈራቸው መከራከሩ ጥሟቸው ነው። ልብ በሉ፣ ጥያቄው የመጣው ከቀለሙ በኋላ ነው፣ ይሄ ትንሽ ይከነክነኛል።

እዚያው ቲራና አንድ ባለሱቅ ደግሞ አለ። የብረት መዝጊያውን አንስቶ መስታወት አስገባ። ለምን ቢባል፣ መንገዱ አሁን ሰላም ነዋ! ፖሊስ በዛ እንዴ? የምን ፖሊስ፣ ቀለሙን፣ መብራቱን አታይም እንዴ አለ።

እኛ ጋ እሁድ ስብሰባ አለ። ሁልጊዜ የምንመጣው ያው አምስት ሰዎች ነን። ዘንድሮ "አጀንዳ፦ የደረጃው ቀለም" ብዬ መግቢያው ላይ ለጠፍኩ። ትናንት ሳየው አንዱ ከሥሩ በእስክሪብቶ "ቢጫ ብቻ እንዳይሆን" ብሎ ጽፎበታል። ሌላው ደግሞ ከእሱ ሥር፣ "ለምን?"