ከበቅሎው ኋላ ያለችው ሴት

እናቶች፣ አባቶች፣ የየካ አባዶና የአካባቢው ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እስቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እዩት። የድሮዋ አዲስ አበባ ናት። መሃል ላይ በበቅሎ የተቀመጡ አንድ መኮንን አሉ፤ አሽከሮቻቸው ከበዋቸዋል። ይህን ፎቶ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ብሎ ነው። እኔ ዛሬ እሳቸውን ልለፋቸው።

ፎቶው ላይ ቀን አልተጻፈም። ስለዚህ ዘመኑን ከራሱ ከፎቶው እንፈልገው። ተራራው እንጦጦ ነው፤ ግን ራቁቱን ነው። ጽዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቋል። የእንጨት ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። አሁን ግራ ጥግ ላይ ያለውን አጥር ተመልከቱ። ከአጥሩ በላይ ብቅ ያሉት ቀጫጭን ዛፎች ባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። እንግዲህ ፎቶው ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነው።

ጣሪያው ሁሉ ሣር ነው፤ የሚያብረቀርቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ቆርቆሮ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቆርቆሮ ከቆላ የሚወጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። ፎቶው ከባቡሩ በፊት የተነሣ ይመስለኛል።

አሁን ወደምወዳት ልውሰዳችሁ። ከበቅሎው ጭራ ኋላ፣ ጠርዙ ላይ፣ ግማሽ አካሏ የተቆረጠ ሴት አለች። እንጨት ተሸክማ ጎንበስ ብላለች። ገመዱ ትከሻዋን ዞሮ ደረቷ ላይ ታስሯል። በሁለት እጇ ይዛ ከደረቷ ራቅ አድርጋዋለች፤ ትንሽ እንዲያስተነፍሳት። እግሯ ባዶ ነው። ፊቷ ደብዝዟል፤ ሌላው ሁሉ ለካሜራው ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ አልቆመችም። ያን ሸክም ይዞ ማን ይቆማል? እንደ በድሮስ ቦያጂያን ያሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የሚጠሩት ለንጉሡና ለመኳንንቱ ነበር። እሷን ብሎ የመጣ የለም። መንገዷን ስትሄድ ገባች። ዛሬም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ገመዱን እንደዚያው ይይዙታል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ፎቶውን ያመጣሁት ግን ስለ ራሳችን ሰፈር ለማውራት ነው። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከመቆሙ በፊት እርሻ ነበር። ማሳው የማን ነበር? ውኃ የሚቀዳው ከየት ነበር? መንገዱስ በየት ያልፍ ነበር? መልሱ በየቤቱ አልበም ውስጥ አለ፤ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ከልደት ኬኩ ኋላ። ሠርግ ፎቶ ጥግ ላይ የምትታይ የጤፍ ክምር ለእኔ ከቬሎው አታንስም። እዚህ ተወልደው ያረሱ ሽማግሌዎች ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። አሁን ካልጠየቅናቸው መቼ ልንጠይቅ ነው?

ከፎቶው ጀርባ ቦታውን፣ ዓመቱንና የሰዎቹን ስም ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፣ ቀስ ብላችሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። የተጣበቀውን በኃይል አትላጡት፤ አልበሙን እንዳለ ይዛችሁ ኑ። ጠረጴዛው በሩ አጠገብ ነው። ወጣቶቹ ፊቱንም ጀርባውንም እዚያው በስልክ ያነሡላችኋል፤ ፎቷችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

አመሰግናለሁ።