ጭስ የማይወጣበት ቤት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴ ላይ ተኝቷል፣ እና የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ቤቴ መንገድ ዳር ነው።

ይሄን ኤፒሶድ ሁለት ሳምንት ሳወጣ ሳወርድ ነው የቆየሁት፣ ምክንያቱም ስለ ፍቅር ነው፣ ስለ ፍቅር ማውራት ደግሞ ቀላል ነው፣ ሁላችንም እናውቅበታለን። እኔ ማውራት የፈለግኩት ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ፣ ቆሻሻ ልንደፋ ስንወጣ፣ ሚኒባስ ስንጠብቅ ስለምናሳየው ወይም ስለማናሳየው ፍቅር ነው።

ከአያቴ ልጀምር። አያቴ የኩታበር ሰው ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ እሷ ጋ ነበር የምንከርመው፣ እና ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ መንደሩን ታያለች። እኔ ዝም ብላ አገር የምታይ ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ ጭስ ነው የምታየው። የሳር ቤት ታውቃላችሁ አይደል፣ ጭሱ በክዳኑ እየተነነ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ማን ምድጃውን እንደለኮሰ ማን እንዳልለኮሰ ከሩቅ ይታወቃል። ጭስ ያልወጣበት ቤት ካለ ምንም አትናገርም፣ ገብታ ቡና ማጠብ ትጀምራለች፣ ከዛ እኔን ትልከኛለች፣ "ሂጂ፣ ቡና ደርሷል ነይ ትልሻለች በያት፣ ልጆቹንም ይዛ ትምጣ" ትለኛለች። ሌላ ቀን የቡና ቁርሱ እፍኝ ቆሎ ነው፣ ያን ቀን ግን ወፍራም ቂጣ ይጋገራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እና ልጆቹ ከአቦል እስከ በረካ እየበሉ ይቆያሉ። ጠግበው ይሄዳሉ። በዛ ቤት ውስጥ ግን ስለ ረሃብ አንድ ቃል አይወጣም፣ የመጡት ቡና ሊጠጡ ነዋ!

ለምን እንደዛ ታደርግ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አያቴ የ77ቱን ረሃብ ያየች ሰው ናት። ከዛም በፊት የ65 እና የ66ቱን። ወሎ ውስጥ በነዚያ ዓመታት የሆነውን የማያውቅ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም፣ በ1965 የተራበው ገበሬ ከየገጠሩ እየወጣ አስፓልት ዳር ተሰልፎ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር፣ መኪናው ደግሞ ያልፋል፣ ወሬውም ታፍኖ ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራንና ተማሪዎች አይተው ፎቶ ይዘው እስኪመለሱ ድረስ። መንገዱ ላይ የወጣውስ ቢያንስ ታየ። አያቴን የሚያስጨንቃት ያልወጣው ነበር። "የባሰበት ሰው በሩን ይዘጋል" ትል ነበር። ለዛ ነው ጭስ የምታየው።

አሁን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን አስቡት፣ ደጉ ሳምራዊን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የሰማነውን። እኔ ለብዙ ዓመት የገባኝ ካህኑና ሌዋዊው ያላዩት፣ ሳምራዊው ብቻ ያየው አድርጌ ነበር። ቅርብ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን እንደዛ አይልም፣ ካህኑ አይቶታል፣ ሌዋዊውም አይቶታል፣ ሶስቱም አይተዋል። ሁለቱ አይተው ገለል ብለው አለፉ፣ ሳምራዊው አይቶ አዘነለትና ቀረበ። በቃ ልዩነቱ እሷ "ቀረበ" የምትለው ቃል ናት። ዘይቱም ወይኑም አህያውም ለእንግዳ ማደሪያው የከፈለው ሁለት ዲናርም ከቀረበ በኋላ የመጡ ናቸው።

እና እዚህ ጋ ነው የራሴ ነገር የሚመጣው።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ጭስ የለውም። ከኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት አለች፣ ባሏ ስራ ካቆመ ቆይቷል፣ ይሄን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ስራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በጠዋት ነው የምወጣው፣ እና ትልቁ ልጅ ዩኒፎርሙን ለብሶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ፣ ስመለስም ያው እዛው ነው። አንድ ቀን አይደለም፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት። ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ገብቶኛል፣ ለምን እንደማይሄድም መገመት አያቅትም፣ ግን "ሰዓት ረፈደብኝ"፣ "ሲከፈለኝ ባዶ እጄን ሳልሆን እገባለሁ"፣ "ቅር ቢላትስ" እያልኩ አልፋለሁ። አንድ እሁድማ ከቅዳሴ ነው የምመጣው፣ ነጠላዬን እንኳን አላወለቅኩም፣ ልጁ "እንደምን ዋልሽ" ብሎ ተነስቶ አሳለፈኝ። እኔ እንዳልፍ ቦታ ለቀቀልኝ። ይሄ እስካሁን ያመኛል።

ከዛ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ስልኳን ፈልጌ በቴሌብር 500 ብር ላክሁ። ሜሴጅ የለ፣ መደወል የለ፣ ላክሁና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ብሩ ተመልሷል። እሷም ምንም አልፃፈችም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩራት ነው አልኩ። ሲቆይ ነው የገባኝ፣ ብሩ ደርሷል፣ እኔ ግን አልደረስኩም፣ በአንድ ፎቅ እየተለያየን ከማታውቀው አገር እንደሚላክ ነገር ነው የላክሁላት። እኔ ብሆንስ እቀበል ነበር?

ሶስተኛ ፎቅ አንድ እናት አሉ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በዛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እየወጣሁ እሳቸው ጀበናቸውን በአንድ እጅ፣ ፌስታል በአንድ እጅ ይዘው ሲወርዱ ደረጃ ላይ ተገናኘን። በሯን አንኳኩ፣ ስትከፍት "ልጄ፣ ስቶቬ ተቃጠለብኝ፣ ቡናዬን አንቺ ጋ ላፍላ?" አሏት። ምን ትላለች፣ "ኧረ ይግቡ" ነው የምትለው። ዞር ብለው እኔንም "አንቺስ ምን ትቆሚያለሽ፣ ነይ እንጂ" አሉኝ። ፌስታሉ ውስጥ ስኳር አለ፣ ድፎ አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። እሷ በራሷ ቤት፣ በራሷ ምድጃ እንግዳ ተቀባይ ሆና ቡናውን ቆላች፣ ልጆቹ ድፎውን በሉ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እዛ ቤት ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሶስተኛው ላይ ራሷ ማውራት ጀመረች። ማንም አልጠየቃትም። እሳቸው "አብሽሪ፣ ያልፋል" ብቻ ነው ያሏት፣ እጇን ይዘው።

ስቶቩ ደህና ነበር፣ በኋላ ቤታቸው ስሄድ አይቼዋለሁ። ያ ነገር ውሸት ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ለምትጠይቁኝ እኔ አላውቅም፣ ንስሐ አባቴንም አልጠየቅኩም። እኔ የታየኝ የአያቴ ቡና ነው፣ የሰውየው ክብር ሳይነካ በሩ የሚከፈትበት መንገድ። ጌታ ምፅዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ያለውን እኔ በቴሌብር ተደብቄ መስጠት አድርጌው ነበር፣ እሳቸው ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ተቀባይ እሳቸው መስለው ነው የሰጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ስለ ቅሬ። ሌላ አገር ያላችሁ እድር ነው የምትሉት። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይይዛል፣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮው ይመጣል፣ መስጊድም ይሁን ቤተክርስቲያን አብረን እንሸኛለን፣ ያልመጣ ይቀጣል። በዚህ እኮራለሁ። ግን ለሞተ ሰው ጥሩምባ አለን፣ ለተራበ ሰው ጥሩምባ የሚነፋ የለንም። ያቺ ሴት ቤት ሰው ቢሞት ያ ሁሉ የኮንዶሚኒየም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሶስት ቀን ከበሯ አንጠፋም ነበር። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ እኮ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት ዕለቱ እደላ ላይ መበለቶች ችላ ተባሉ ተብሎ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የቤተክርስቲያን ስራ ነበር ማለት ነው፣ ማን ተረሳ፣ ማን አልበላም ብሎ መቁጠር፣ ልክ አያቴ ጭስ እንደምታየው።

ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል። እንዴት እንደሆነ አልናገርም፣ የነሱ ጉዳይ ነው። ጠዋት ደረጃው ላይ አብረን እንወርዳለን፣ ቦርሳውን በጣም ያወዛውዘዋል፣ ጠብቀኝ ብለው አይጠብቀኝም።

እና ባለፈው ሳምንት ደግሞ እኛ ፎቅ ላይ፣ ከኔ ትይዩ ያለው ቤት አዲስ ሰው ገባበት። ወንድ ነው፣ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን ናቸው መሰለኝ፣ እቃቸው አንድ ፍራሽና ሁለት ሻንጣ ነው፣ መጋረጃ አልሰቀሉም። ሰባት ቀን ሆነ። ሁለት ጊዜ በሩ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። ይሄን ቀድቼ ስጨርስ ጨው ልበደር ልሄድ ነው።