ሲልቨር ላይን፦ የባቡሩ ሰዓት፣ የወደቀው ስልክና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

ባለፈው የሬዲዮ ፕሮግራም ስለ ሲልቨር ላይን፣ ማለትም ስለ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢው የሜትሮ ባቡር መስመር፣ ስናወራ ስልኩ አላርፍ ብሎ ነበር። መስመሩ ደለስ ኤርፖርትና አሽበርን የደረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15፣ 2022 ነው። ሰዉ ግን እስካሁን «አዲሱ ባቡር» ነው የሚለው። በጁን 2025 ደግሞ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ ተቀየረ፤ በምሥራቅ በኩል የሚያልቅበት ቦታም ሁለት ሆነ። ጥያቄውም እንደ አዲስ ጀመረ። በአየር ላይ ሰዓት ያልበቃቸውን ጨምሬ መልሶቹን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። አንዳንዱን ነገር እደጋግማለሁ። እናንተም ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ እንካካሳለን።

ጥያቄ (ከሄርንደን)፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥተዋል። «ባቡሩ 5 ሰዓት ይጀምራል» ብዬ ሥራ ሄድኩ። እሳቸው በኛ አቆጣጠር መስሏቸው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁ። በሐበሻ ሰዓት አስተካክለህ ንገረን።

መልስ፦ እናትሽ ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባቡሩ የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሁድ 12 ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ቅዳሜና እሁድ የሚከፈተው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ለቅዳሴ የምትሄዱ ያቺ አንድ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራል።

ዛሬ የምደጋግመው ነገር ይኼ ነው፦ መዝጊያ ሰዓትና የእናንተ የመጨረሻ ባቡር አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ጣቢያ በየአቅጣጫው የራሱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ባቡር አለው። ጣቢያው ላይ ተለጥፏል፣ የሜትሮ ድረ ገጽ ላይም አለ። የቤታችሁንና የሥራ ቦታችሁን ጣቢያ ፈልጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «6 ሰዓት ነው የሚዘጋው» ብሎ ለ6 ሩብ ጉዳይ ላይ እየተዝናና የሚመጣ ሰው ታክሲ ከፍሎ ነው የሚገባው።

እናትሽ 65 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘሽ የአዛውንት ስማርትሪፕ (የሜትሮ መክፈያ) ካርድ አውጪላቸው። የሚከፍሉት ግማሽ ነው።

ጥያቄ (ከሬስተን)፦ ባቡሩ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ወረቀት አጣሁ። እንደ አውሮፓ ባቡር ለምን ደቂቃውን አይጽፉትም?

መልስ፦ የሜትሮ መርሐ ግብር በልዩነት ነው የሚሠራው። «በየዚህን ያህል ደቂቃ ይመጣል» ይላል እንጂ «8፡17 ላይ ያልፋል» አይልም። ትክክለኛ ሰዓት የሚያስፈልጋችሁ ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ባቡር ብቻ ነው። ለመሀሉ ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰሌዳ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይነግራችኋል። ስለዚህ በደረጃው እየበረራችሁ አትውረዱ። በር ሲዘጋ እግርና ቦርሳ አታስገቡ። የሜትሮ በር እንደ አሳንሰር በር እጅ ሲነካው ተመልሶ የሚከፈት አይደለም። ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ሌላ ባቡር ይመጣል!

ጥያቄ (ከሉዶን ካውንቲ)፦ ሲልቨር ላይን ሲልቨር ስፕሪንግ ያደርሰኛል?

መልስ፦ አያደርስሽም። ሜትሮ ሴንተር ውረጂና ወደ ግሌንሞንት የሚሄደውን ቀይ መስመር ያዢ።

ጥያቄ (ከአሽበርን)፦ በቅርቡ ባቡር ስጠብቅ ስልኬ ከእጄ አምልጦ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። አንድ ሐበሻ ልጅ ዘሎ ወርዶ አወጣልኝ። ደንግጬ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በእናንተ በኩል ላመሰግነው ነው የደወልኩት።

መልስ፦ እኔ አላመሰግነውም፤ የሚሰማኝ ከሆነም በደንብ ይስማኝ። ልጁ ደግ ነው። ወላጆቹም በሥርዓት አሳድገውታል። የሠራው ሥራ ግን ሰው ይገድላል። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ በየጊዜው እሰማዋለሁ። አንዴ ስልክ ነው፣ አንዴ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንዴ የሕፃን ጫማ። ሁልጊዜም «ወርዶ ያወጣልኝ» ሰው አለ።

ከሁለቱ ሐዲዶች ጎን ከላይ መሸፈኛ ያለው ሌላ ሐዲድ ታያላችሁ። ባቡሩ ኃይሉን የሚያገኘው ከሱ ነው። 750 ቮልት ይዟል። መሸፈኛው የሚከልለው ላዩን ነው፤ በጎኑ ክፍት ነው። ተደናቅፋችሁ እጃችሁን ጣል ብታደርጉ አለቀ። ደግሞ ኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመጣ መጥቶ ባቡር ሲሄድ የሚሄድ አይደለም። ሐዲዱ ጭር ሲል ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም።

ለኛ ሰው በተለይ የምናገረው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከሐዲድ ጋር ነው ያደግነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው በናፍጣ ባቡሩ ሐዲድ ላይ እየተራመደ ነው ትምህርት ቤት የሄደው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ስለዚህ ዓይናችንም እግራችንም የለመደው መሬት ላይ ያለ ሐዲድ ብረት ብቻ እንደሆነ ነው። እዚያም ሐዲድ መሻገር አደገኛ ነው፣ ጎበዝ ነህ የሚያሰኝ ነገር የለውም። እዚህ ግን ኤሌክትሪኩ ራሱ እግራችሁ ሥር ነው። የአገር ቤቱን ድፍረት ይዛችሁ እዚህ አትውረዱ።

ሁለተኛው ነገር ባቡሩ ነው። ስምንት ፉርጎ ያለው ባቡር ወደ 180 ሜትር ይረዝማል። ሾፌሩ አይቷችሁ ፍሬን ቢይዝ እንኳ እንደ መኪና ቀጥ አይልም። ከሐዲዱ ወደ ላይ ለመውጣት ደግሞ የምትይዙት መሰላል የለም። መድረኩ ከወገብ በላይ ነው። ለመውረድ አንድ ዝላይ ይበቃል። ለመውጣት ግን ጉልበት፣ ክንድና ጊዜ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ በጓንትና በወፍራም ካፖርት ሞክሩት ብል... አይ፣ አትሞክሩት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕቃ ከወደቀ ባለበት ተዉት። ቲኬት በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ የጣቢያው ኃላፊ አለ፤ ሄዳችሁ ንገሩት። ሠራተኞቹ ኃይሉንና ባቡሩን አረጋግጠው የሚያወጡበት መንገድ አላቸው። ምናልባት ትጠብቁ ይሆናል። ምናልባት ስልኩ ተሰባብሮ ይወጣ ይሆናል። ይሰበር!

ሰው ከወደቀ ደግሞ ተከትላችሁ አትውረዱ። ሁለት ሰው ይሆናል። ባቡሩ የሚቆመውና ኃይሉ የሚቋረጠው የሜትሮ ሠራተኞች ሲያውቁ ነው። ስለዚህ መድረኩ ላይ ባለው የአደጋ ጊዜ መነጋገሪያ ተናገሩ፣ 911 ደውሉ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት ጫፍ ሄዳችሁ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ለሾፌሩ ምልክት ስጡ። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ዛሬ ማታ እራት ላይ ንገሯቸው። ጠርዙ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ባቡር እየገባ ነው። የዚያን ጊዜ ሰልፊ የለም፣ ቲክቶክ የለም። ወደ ኋላ ነው።

እህቴ፣ ልጁን ድንገት ካገኘሽው ቡና ጋብዢው። ከዚያ ይህን አስነብቢው።

ጥያቄ (ከስተርሊንግ)፦ ኤርፖርት ነው የምሠራው። ፈረቃዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አልጠቀመኝም።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ላታልልህ አልፈልግም። የመጀመሪያው ባቡር ከመነሳቱ በፊት አንተ ሥራ ላይ ነህ። ኤርፖርት የሚያደርስ ባቡር ሠርቶ ኤርፖርቱን በሌሊት የሚያስነሳውን ሠራተኛ አለማድረስ ለኔም የሚያንገበግብ ነገር ነው። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተናገሩት። እኛ ሐበሾች ቤታችን ነው የምናማርረው፣ ስብሰባው ላይ ወንበራችን ባዶ ነው።

እስከዚያው፦ መሄጃህ ባቡር ባይሆንም መመለሻህ ሊሆን ይችላል። ከባልደረቦችህ ጋር በአንድ መኪና ሂዱና ስትወጡ በባቡር ተመለሱ። ኮሚዩተር ኮኔክሽንስ የሚባለው ፕሮግራም መኪና የሚጋራህን ሰው በነፃ ያፈላልግልሃል። በመኪና መጋራት ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት የሚመላለስ ሰው ከተመዘገበ ደግሞ ድንገት ልጅ ሲታመምበት ወይም ትርፍ ሰዓት ሲያስቀሩት በዓመት ለጥቂት ጊዜ በነፃ ወደ ቤት ያደርሱታል። ምዝገባውን ችግሩ ሳይመጣ ጨርሰው። አሠሪህ የትራንስፖርት ጥቅማ ጥቅም እንዳለውም ጠይቅ። ብዙ ሰው ስላልጠየቀ ብቻ ይቀርበታል።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ፈረቃ ለምትሮጡም ያው ነው። በመጀመሪያው ባቡር እደርሳለሁ ብላችሁ ለአለቃችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት የጣቢያችሁን የመጀመሪያ ባቡር እዩ።

ጥያቄ (ከላርጎ)፦ ሲልቨር ላይን ተሳፍሬ ላርጎ እደርሳለሁ ስል ኒው ካሮልተን ወሰደኝ። ሾፌሩ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ሾፌሩ አልተሳሳተም። ከጁን 2025 ጀምሮ ሲልቨር ላይን አንዱ ወደ ዳውንታውን ላርጎ፣ ቀጣዩ ወደ ኒው ካሮልተን ነው የሚሄደው። የሚለያዩት ከስታዲየም አርመሪ በኋላ ነው። ከመለያየቱ በፊት ካወቃችሁ እዚያው ወርዳችሁ የራሳችሁን ጠብቁ። ካለፋችሁ ወደ ስታዲየም አርመሪ ተመለሱ። በቨርጂኒያ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኢስት ፎልስ ቸርች ድረስ ከብርቱካናማው መስመር ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ከዚያ ብርቱካናማው ወደ ቪየና ይታጠፋል። ስንቱ አንቀላፍቶ ቪየና ተገኝቷል መሰላችሁ! ቀለሙን ብቻ አትዩ፣ ባቡሩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ጣቢያ ስም አንብቡ። ይህም ሩጫ የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ የሚሮጥ ሰው አያነብም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ በባንክ ካርድ መግባት ተጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። ለኔ፣ ለባለቤቴና ለልጄ በአንዱ ካርድ ሦስት ጊዜ ላስነካ?

መልስ፦ አይሆንም። ከሜይ 2025 ጀምሮ በባንክ ካርድ መግባት ይቻላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። በስልክ ገብታችሁ በፕላስቲኩ ካርድ አትውጡ። ያው ባንክ ቢሆንም ማሽኑ የሚያየው ሁለት የተለያየ ካርድ ነው፣ ትርፍ ያስከፍላችኋል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት፣ በነፃ ያልፋሉ። ቅናሽ ያላችሁ፣ አዛውንትም ሆነ ሌላ፣ ስማርትሪፑን ተጠቀሙ። ባንክ ካርዱ ቅናሻችሁን አያውቀውም።

ጥያቄ፦ የምግብ ድጎማ ካርድ ላለው ሰው ቅናሽ አለ ይባላል። እውነት ነው ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው። ሜትሮ ሊፍት ይባላል፤ ከ2023 ጀምሮ አለ። በዲሲ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ «ስናፕ» የሚያገኝ ሰው ግማሽ ነው የሚከፍለው። ያልተመዘገበ ግን አያገኝም። ማፈር የለም፣ ተመዝገቡ።

ጥያቄ (ከሄርንደን)፦ ለአንድ ወር አገር ቤት ልሄድ ነው። መኪናዬን ሜትሮ ጋራዥ አቁሜ ባቡር ይዤ ኤርፖርት ብሄድስ?

መልስ፦ ጋራዡ ለቀን ተመላላሽ ነው፣ ለአንድ ወር አይደለም። ዘመድ ያድርስህ። ደለስ ስትደርስ ከጣቢያው እስከ ተርሚናሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ትንሽ ትሄዳለህ። ተንቀሳቃሽ ወለል ቢኖርም፣ ስትመለስ ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ይዘህ ቀላል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ ብሳፈርስ? ቆሎስ?

መልስ፦ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። ቆሎም ምግብ ነው።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከስፕሪንግፊልድ)፦ እኔ ሃያ ዓመት ታክሲ ነው የነዳሁት፣ ደለስ ላይ። ባቡሩ ከገባ ወዲህ ሥራው ቀንሷል። እናንተ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ባቡሩን ታስተዋውቃላችሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ቅር አይበልዎ። ባቡሩ አንድ ሻንጣ የሚጎትተውን ብቸኛ መንገደኛ ወስዶብዎታል፤ ይህን አልክድም። መሀል ከተማ ለመድረስ ግን ባቡሩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አራት ልጅና ስድስት ሻንጣ ያለው ቤተሰብ አሁንም የእርስዎ ነው። የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ የሚያርፍ መንገደኛም የእርስዎ ነው። እንግዲህ የመጨረሻ ባቡር ሰዓቱን እርስዎም ይያዙት፣ ለሥራዎ ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ፦ የቀኑን ጉድለት በሌሊት ለማካካስ ብለው እንቅልፍ እያዳፋዎ አይንዱ። የገቢውንና የግብሩን ነገር ደግሞ ለሂሳብ ባለሙያ ያሳዩ።

ጥያቄ (ስሟን መናገር ያልፈለገች እናት)፦ የ19 ዓመት ልጄ ሳይከፍል በሩን አልፎ ፖሊስ ያዘው፣ ወረቀት ሰጡት። የግሪን ካርድ ማመልከቻው ገና አላለቀም። ይነካበታል?

መልስ፦ ይህን እኔ አልመልስልሽም። ሬዲዮ ላይ የሚመልስልሽ ሰው ካገኘሽም አትስሚው። ያልተከፈለ ቲኬት ቅጣት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕጉ ይለያያል። በየትኛው ክልል እንደተያዘ ወረቀቱ ላይ አለ። ወረቀቱን አትጣሉት። ቀን ከተቆረጠለት ቀኑን አያሳልፍ። ፎርም የሚሞላልሽ ጎረቤት ወይም የትርጉም ቢሮ ጠበቃ አይደለም። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ በዚህ ሳምንት ውሰጂው፣ ወረቀቱንም እንዳለ አሳዩት። አቅም ከሌለሽ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያማክሩ የሕግ ድርጅቶች አሉ። የካውንቲሽን ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ብትጠይቂ ይጠቁሙሻል።