እማዬን ሳቫና ልወስዳት ነው

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት እማዬ አጠገቤ ካለው ክፍል ስለተኛች ነው። ጠረጴዛው ላይ የጆርጂያን ካርታ ዘርግቼ ደብተር ይዣለሁ። ላለፉት አራት ቀናት ሥራዬ ይኸው ሆኗል።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ክላርክስተን ነው የምንኖረው፣ ከአትላንታ ዳር። በእነዚህ ሦስት ወራት ያየችው ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሐበሻ ሱቅ ነው። ባለፈው ሰሞን መኪና ውስጥ ሆነን መንገዱ ተጨናነቀ። ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ልጄ፣ አሜሪካ ማለት ይሄ መንገድ ብቻ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው በእግሩ የሚሄድበት፣ ዛፍ ያለው፣ አሮጌ ከተማ ልወስዳት ይገባል። ያኔ ሳቫና መጣችልኝ።

ሳቫናን ለማታውቋት፣ በዚሁ በጆርጂያ ግዛት ከውቅያኖሱ ጠረፍ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአትላንታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ የአራት ሰዓት መንገድ። የተቆረቆረችው በ1733 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጄምስ ኦግልቶርፕ የሚባል እንግሊዛዊ ቀድሞ በወረቀት ነድፎ የሠራት ከተማ ናት። ጥቂት መንገድ በሄዳችሁ ቁጥር አንድ አደባባይ ታገኛላችሁ፣ መሐሉ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበት። ድሮ 24 ነበሩ፣ ዛሬ 22 ቀርተዋል። ትልልቆቹ የኦክ ዛፎች መንገዱን ከላይ ገጥመውታል። ከቅርንጫፎቻቸው ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጢም ግራጫ ነገር ይንጠለጠላል። ሐረግ ይመስላል፣ ግን የአናናስ ዘመድ የሆነ ተክል ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከጓደኞቼ ጋር፣ በኦገስት። ሙቀቱ አይነገርም። አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። ፎርሳይት ፓርክ ያለው ነጭ ፏፏቴ ፊት ፎቶ ተነሳን፣ ወንዙ ዳር በላን፣ ማታ ተመለስን። ቆንጆ ቀን ነበር። ግን ስመለስ ስለ ከተማዋ የማውቀው ነገር አልነበረም። ማን እንደሠራት እንኳ አልጠየቅኩም።

እማዬ ግን ትጠይቃለች። የትም ብትወስዷት፣ ሕንፃ ፊት ስትቆም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማን ሠራው?» ነው። ላሊበላ ለገና የተሳለመች ጊዜም፣ ከተመለሰች በኋላ ለዓመታት ስታወራ የነበረው ስለ ሠሪዎቹ ነው። ቀን ሰው ይሠራል፣ ሌሊት መላእክት ይሠራሉ፣ ጠዋት ሲመጡ ሥራው እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ይህን ትውፊት ከእሷ አፍ ስሰማ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ የዚህን ጉዞ እቅድ ያወጣሁት በእማዬ ጥያቄ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለን። እሑድ ቅዳሴ አይቀርም፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ስለዚህ አርብ ጎህ ሲቀድ ወጥተን ቅዳሜ ማታ እንመለሳለን። ጊዜውን የጥቅምት መጨረሻ አደረግኩት። ሙቀቱ በርዶ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። የማርችን አጋማሽም በሌላ ጊዜ ለመሄድ ለምታስቡ ልንገራችሁ። በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ከተማዋ በሰው ትሞላለች፣ ከእናት ጋር የሚኬድበት ጊዜ አይደለም።

መንገዱ ቀላል ነው። እስከ ሜከን ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ያለ ጎዳና። ሜዳና ጥድ ነው። ግን በጥቅምት ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ወጣ ካላችሁ የጥጥ እርሻ አለ፣ የደረሰ፣ ነጭ በነጭ የሆነ። እዚያ መኪናውን ማቆም እፈልጋለሁ። እማዬ ጥጥ ታውቃለች። ልጅ ሆና መዳመጫውን በድንጋይ ላይ እያንከባለለች ፍሬውን ከጥጡ ስትለይ ኖራለች። ከዚያ መንደፍ፣ ከዚያ እንዝርት፣ ከዚያ ሸማኔ። አንድ ነጠላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በጣቶቿ ታውቀዋለች።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በ1793 ኤሊ ዊትኒ የሚባል ወጣት ጥጡን ከፍሬው የሚለይ ማሽን የሠራው ከሳቫና ብዙ ሳይርቅ፣ ሞልበሪ ግሮቭ የሚባል እርሻ ላይ ነው። እማዬ በመዳመጫ ቀኑን ሙሉ የምትለፋበትን ሥራ ማሽኑ በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል። ሥራ ይቀንሳል ብላችሁ ታስባላችሁ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መዳመጡ ሲቀል ጥጥ ትርፍ አመጣ፣ ትርፉ ሲጨምር እርሻው ሰፋ፣ እርሻው ሲሰፋ የሚለቅም እጅ ተፈለገ። ያ እጅ የባሪያ እጅ ነበር። ጆርጂያ ስትመሠረት እኮ ባርነት ተከልክሎባት ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1751 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሳቫና ከጥጥ ሀብት የተነሳ ቤቶቿ ቤተ መንግሥት መሰሉ። ወንዙ ዳር ያሉት ረጃጅም የጡብ ሕንፃዎች የጥጥ መጋዘንና የነጋዴዎች ቢሮ ነበሩ። ዛሬ ምግብ ቤትና ከረሜላ መሸጫ ናቸው።

ስለ ወንዙ ዳር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። መንገዱ መርከቦች ለሚዛን ጭነው ባመጡት ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ደረጃውም ቁልቁል ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት አይሆንም። እኔ ከላይ ሆነን እናየዋለን፣ ከዚያ በነፃ የምታሻግረው ጀልባ ላይ እንሳፈራለን ብያለሁ። ትልልቅ የጭነት መርከቦች በከተማው መሐል ሲያልፉ ማየት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ማደሪያም የያዝኩት በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ አልዋሽም። ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች። ለዚያ ብላችሁ መኪና አስነስታችሁ ሩቅ መሄድ ቀኑን ይበላዋል።

ምግቡ አስቸግሮኛል። የሳቫና ምግብ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና አሳማ ነው። እማዬ አንዱንም አትቀምስም። አርብ ደግሞ ጾም ነው። ቀይ ሩዝ የሚባል በቲማቲም የሚሠራ ምግብ አላቸው። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ያወረሱት ነው። ባምያም ጎመንም አላቸው። ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ይገባል፣ ስለዚህ መጠየቅ ግድ ነው። እሷ ግን አስቀድማ ወስናለች። ሽሮና እንጀራ በፌስታል፣ ቆሎ በጠርሙስ። ስንቅ ሳይዙ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፍራንክሊን አደባባይ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ይባላል። ሕንፃው ያለቀው በ1859 ነው። የሠሩት በባርነት ያሉ ሰዎች ናቸው። ቀን ለጌቶቻቸው ሲሠሩ ይውላሉ። ሌሊት፣ ደክሟቸው፣ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ይገነባሉ። ይህን ያነበብኩ ለት ደብተሬን ዘግቼ ተነሳሁ። ሌሊት የሚሠሩ መላእክት እያልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እዚህ ሌሊት የሠሩት የቀኑ ሠራተኞች ራሳቸው ነበሩ። እጥፍ የሚያደርግላቸው አልነበረም።

ምድር ቤቱ ወለል ላይ፣ ጣውላው ውስጥ፣ በአልማዝ ቅርጽ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ቅርጹ የኮንጎ ሕዝብ የሕይወትና የሞት ምልክት ነው ይላሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ሲነገር የኖረው ደግሞ ከወለሉ ሥር ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች ይደበቁ ነበር፣ በቀዳዳዎቹም ይተነፍሱ ነበር የሚል ነው።

ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ጉባኤው ነበር። ሰባኪው አንድሩ ብራያን ራሱ ባሪያ ነበር። ስለሰበከ ተገርፏል። በጃንዋሪ 1788 አንድ ነጭ ሰባኪ ለብራያን የክህነት ማረጋገጫ ወረቀት ጻፈለት። ወረቀቱ ጉባኤውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? የኢየሱስ ክርስቶስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን። ሳቫና ላይ። ዓድዋ ሊዋጋ ገና ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀረው። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የምትለውን የዳዊት መዝሙር እማዬ በቃሏ ትወጣዋለች። ያቺ ስም እዚህ ባሕር ዳር፣ አገራችንን አይተው በማያውቁ ሰዎች ላይ አርፋ ነበር። ዛሬ በከተማዋ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ከዚያ ጉባኤ ተወለድን ይላሉ። እኔ ሁለቱንም በር ላይ እንድትሳለም አደርጋለሁ።

ከዚያ ያልቆረጥኩት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ባለቀበት ዓመት፣ በማርች 1859፣ ከከተማዋ ወጣ ባለ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ ፒርስ በትለር የሚባል ባለ ርስት ዕዳውን ለመክፈል ሰዎቹን ለጨረታ አወጣ። 436 ሰዎች። ሁለት ቀን ፈጀ፣ ሁለቱንም ቀን ዘነበ። «የለቅሶ ጊዜ» ይሉታል። ገዢ መስሎ የገባ ጋዜጠኛ ያየውን ጽፎ አስቀርቷል። ጄፍሪ የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ተሸጠ። የሚወዳት ዶርካስ ገና አልተሸጠችም። አዲሱን ጌታውን እባክህ እሷንም ግዛት እያለ ለመነ። ጠንካራ ናት፣ ጥሩ ትሠራለች እያለ አሞገሳት። ሰውየው ሊገዛት አስቦም ነበር። ግን የምትሸጠው ከሌሎች አራት የቤተሰብ አባላት ጋር ስለነበር ተወው።

ቦታው ላይ ዛሬ የመታሰቢያ ምልክት አለ፣ በትንሽ መናፈሻ ውስጥ። ልውሰዳት ወይስ ልተወው? እማዬ የወንድሟን ሞት በስልክ የሰማች ሰው ናት፣ በዚህ በጋ። ለእረፍት ብዬ ወስጄ ሐዘን ላሸክማት አልፈልግም። ደግሞ ሳልነግራት ብቀር፣ ያን ሁሉ ውብ ቤት እያሳየሁ «ማን ሠራው?» ስትል ምን ልላት ነው? አርብ ማታ ሁኔታዋን አይቼ እወስናለሁ።

የተውኩት ግን አለ። የማታ የመናፍስት ጉብኝት ሳቫና ውስጥ ትልቅ ንግድ ነው። ተሰቃይተው የሞቱ ሰዎች ሌሊት ማስደንገጫ ሲሆኑ መስማት አልፈልግም። ዎርምስሎ የሚባለውን፣ ግራና ቀኙ በኦክ የተሞላውን ረጅም መንገድም ተውኩት። ውብ ነው፣ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

በእሱ ፈንታ ኦውንስ ቶማስ ወደሚባለው ቤት እንገባለን። ቤቱ በ1819 ያለቀ ነው። ከጓሮው የባሪያዎቹ ማደሪያ አለ። ጣሪያው ሰማያዊ ተቀብቷል። ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ነው ይባላል። ግሪን መልድሪም የሚባለውን ቤትም ከውጭ እናየዋለን። በጃንዋሪ 1865፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን 20 ጥቁር የሃይማኖት አባቶችን ጠርቶ የተነጋገረው እዚያ ነው። የተናገሩላቸው ጋሪሰን ፍሬዘር 67 ዓመታቸው ነበር። ራሳቸውንና ሚስታቸውን በገንዘባቸው ከባርነት የገዙ ሰው ናቸው። ምን ትፈልጋላችሁ ሲባሉ፣ በራሳችን ጉልበት የምናርሰው መሬት አሉ። በአራተኛው ቀን ለነፃ ወጪዎቹ መሬት እንዲሰጥ ትእዛዝ ወጣ። በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንት ጆንሰን መሬቱን ለባለ ርስቶቹ መለሰው። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1965፣ አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ይህን ለእማዬ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አባቷ ገበሬ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቴይለር አደባባይ ላይ እንቀመጣለን፣ ቡና በፔርሙስ ይዘን። ድሮ የባርነት ጠበቃ በነበረ ፖለቲከኛ ስም ይጠራ ነበር። አሁን የሱዚ ኪንግ ቴይለር ሆኗል። ሱዚ በባርነት ተወልዳ፣ ሳቫና ውስጥ በድብቅ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረች ልጅ ናት። መጻሕፍቷን ፖሊስ እንዳያይ በወረቀት ጠቅልላ ትሄድ ነበር። በኋላ በጦርነቱ ወታደሮችን አስተማረች፣ ቁስለኛም አስታመመች። እዚያ ሌላ እቅድ የለኝም። ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ሳልዘረዝር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነገርኳት። በሌሊት እንደሠሩት። ስለ ወለሉ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ። ስሙን። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ጫማ ይወለቃል?» አለች።

«አይ እማዬ፣ እነሱ ጋ አይወለቅም» አልኳት።

«እኔ ግን አወልቃለሁ» አለች።

ወፍራም ካልሲ ሻንጣዋ ውስጥ ጨምሬያለሁ።